ጋሼ ቁንጫና የክንዱ ቆጣሪ

ሰውየው መቀመጥ አይችልም። ይህን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ኋላ «ምን ያለ ሰው ነው!» እንዳትሉኝ። ቤቱ ውስጥ ወንበር አለ፣ ሶፋ አለ፣ ሚስቱ በእጇ የሰፋችው ትራስ አለ፤ እሱ ግን ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ዜና ይሰማል፣ አንድ እግሩን ጫማ አልብሶ የሌላኛውን ፍለጋ በአንድ እግሩ እየነጠረ ሳሎኑን ይዞራል። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ ሙሽሪት ጥርት ብላ ትታያለች፤ አጠገቧ ያለው ግን ሰው ይሁን ጭስ አይለይም። ፎቶ አንሺው «እባክዎ አይንቀሳቀሱ» እያለ ሦስቴ ለምኖት ነበር፣ ምስኪን። አውቶቡስ ዴፖው ውስጥ «ቁንጫ» ብለው ስም ያወጡለት በተቀጠረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ለአክብሮት «ጋሼ» ጨመሩበት። «ጋሼ ቁንጫ!» ሲሉት «አቤት!» ይላል እንጂ ቅር አይለውም።

ታዲያ ይኼ ሰው አንድ ቦታ ብቻ ይረጋል፤ መሪ ሲጨብጥ። ከዚያ በፊት ያልሞከረው ሥራ የለም። ጨርቅ ቤት ተቀጥሮ ደንበኛው አንዱን ጣቃ አይቶ ሳይጨርስ ሌላ ስድስት ጣቃ እያወረደበት በወሩ ተባረረ። ዘበኛ ሆኖ ደግሞ በሩን ትቶ ግቢውን ሲዞር ይውላል፤ በበሩ የፈለገው ይገባል፣ የፈለገው ይወጣል። በሃያ አምስት ዓመቱ መንጃ ፈቃድ አወጣና ትልቁ አውቶቡስ ላይ የወጣ ዕለት እግሩ ዝም አለ። መንገዱ ስለሚሮጥለት እሱ መሮጥ ያላስፈለገው ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስድስት ቁጥር መስመር ላይ ነድቷል፤ አንድ ሰው ነክቶ አያውቅም። ሚስቱ ጎረቤት ስታጫውት «እኔ ያገባሁት ሰውዬ እኮ አውቶቡስ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ማታ ማታ ቤት የሚመጣው ወንድሙ ነው» ትላለች።

የስኳር በሽታ ያገኘው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ወይ በሽታ! ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ትዕግስት የሚባል ያልፈጠረበትን መርጦ ገባበት። መርፌህን ውጋ፣ ጠብቅ፣ ከዚያ ብላ። ጣትህን ውጋ፣ ደም አውጣ፣ ለካ፣ ደብተር ላይ ጻፍ። እሱ ሳይወጋ ይጽፍ ነበር። ሐኪም ቤት የሚቀርብ ዕለት ጠዋት ቁጭ ብሎ፣ ኧረ ይቅርታ፣ ቆሞ፣ የወሩን ቁጥር ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ ይሞላዋል፦ መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ፣ እንዲያምኑት ደግሞ አልፎ አልፎ መቶ ስልሳ።

ነገሩ የፈነዳው ከሁለት ወር በፊት ነው። ጠዋት ኢንሱሊኑን ወግቶ ቁርሱን «እደርስበታለሁ» ብሎ ጥሎት ወጣ። ረፋድ ላይ አንድ ፌርማታ ደርሶ የአውቶቡሱን በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። አራት ጊዜ! ላቡ ሸሚዙን አበስብሶት እሱ ፈገግ ይላል። አሥራ አንድ ዓመት አብራው የሠራችው ትኬት ቆራጭ ከኋላ ተጋፍታ መጣችና «ጋሼ፣ ምን ሆንክ?» ብትለው ዞር ብሎ አያትና «ትኬትሽን አሳዪኝ» አላት። ለትኬት ቆራጯ! ሴትየዋ ብልህ ናት፤ አልተከራከረችም። የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ቁልፉን ነቀለች፣ ከአንድ ሕፃን እጅ ለስላሳ መጠጥ ነጥቃ አፉ ውስጥ አንቆረቆረችለት። ለካ ስኳሩ ወርዶበት ኖሯል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ሆነ። ማታ ዴፖ ሲገቡ ፊት ለፊቱ ቆማ «ሪፖርት አድርጌያለሁ፣ ጋሼ። ስልሳ ሰው ጭነን ነበር» አለችው። ዘጠኝ ቀን አኮረፋት። በአሥረኛው ቀን ሎሚ ገዝቶላት መጣ፤ ማኩረፍም ትዕግስት ይጠይቃል።

ሪፖርቱ ሐኪም ዘንድ አደረሰው። ሐኪሟ ቆፍጠን ያለች፣ ስትናገር ከመነጽሯ በላይ የምታይ ሴት ናት።

«የጣትዎን ደብተር አላምነውም» አለችው ገልጣ ሳትጨርስ። «ክንድዎ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ አደርግልዎታለሁ። አሥራ አራት ቀን። በሥራ ሰዓት ስኳርዎ አንድም ጊዜ ካልወረደ የመሥሪያ ቤትዎን ፎርም እሞላለሁ። ከወረደ ግን ከመሪው ይነሣሉ።»

«ተነሥቼስ የት እገባለሁ?»

«መጋዘን ነው የሚመድቡዎት መሰለኝ።»

መጋዘን! በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጎማ መቁጠር! በቁሙ ቅበሩኝ እንደማለት ነው። ሰውየው ያን ጊዜውኑ እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ነርሱ ከክንዱ ጀርባ ላይ ሳንቲም የምታክል ነጭ ነገር ለጠፈለት። ቀጭን ክር የምታህል ነገር ከቆዳው ሥር ገባች፤ አላመመውም። «ጋሼ፣ ይህቺ ከቆዳ ሥር ያለውን ስኳር ቀንና ሌሊት ትለካለች፣ ቁጥሩ ስልክዎ ላይ ይወጣል። ከሰባ በታች ሊወርድ ሲል ትጮሃለች። ዋናው ነገር መሪ ይዘው እንዳይወርድብዎት ነው። ደግሞም…»

«ደግሞም»ን ማን ይጠብቃል! ሰውየው እጅጌውን እያወረደ በሩ ጋ ደርሷል። ነርሱ «ከመቶ ሰማንያ በላይ ከፍ ብሎ እንዳይውልም ይጠንቀቁ» ያለው ለተዘጋው በር ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከዚህች ግማሽ ምክር ነው። እንዳይወርድ ነዋ? ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ወደ ላይ ይሰቀላ!

ከማግስቱ ጀምሮ ጋቢናው ውስጥ የጭማቂ ጠርሙስ ገባ፣ ብስኩት ገባ፣ ከረሜላ በየኪሱ ገባ። ሃያ ይወጋ የነበረውን ኢንሱሊንም ማንንም ሳያማክር ወደ አሥራ ሁለት ዝቅ አደረገው። በሁለተኛው ቀን ቁጥሩ ሁለት መቶ ስልሳ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። «ይሄኛው ደግሞ ምን አገባው!» ብሎ ሲነካካ ሲነካካ የላይኛውን ጩኸት አጠፋው። የታችኛውን ብቻ ተወው፤ እሱም ዝም አለ። አንድ ቀን ዝም፣ ሦስት ቀን ዝም፣ ሳምንት ዝም። ጋሼ ቁንጫ ደረቱን ነፋ። ዴፖ ውስጥ የክንዱን ነገር «ቆጣሪ» ብለውታል፤ «ጋሼ፣ ቆጣሪህ ዛሬ ስንት ቆጠረ?» ሲሉት እጅጌውን ሰብስቦ ያሳያል። «ጭጭ ነው! አንድ ቀን ቢጮህ ምን አለ በሉኝ!» ይላል።

አካሉ ግን ጭጭ አላለም። ውሃ ጥሙ አያድርስ ነው። የጠጣው ደግሞ መውጫ ይፈልጋል፤ በየተርሚናሉ ሞተሩን ሳያጠፋ ይሮጣል። አንድ ቀን አልቻለም፣ በመንገድ አጋማሽ ላይ አንድ ሆቴል ፊት ለፊት ገጭ አድርጎ አቁሞ ወርዶ ሮጠ። ተሳፋሪው «ኧረ ሹፌሩ የት ሄደ?» ሲል ትኬት ቆራጯ «ይመጣል፣ ይመጣል፤ አጣዳፊ ስልክ ተደውሎለት ነው» ብላ ሸፈነችለት። ሲመለስ አንዲት አሮጊት «ስልኩ በጣም አጣድፎህ ነበር፣ ልጄ» አሉት፤ አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሳቀ። ግን ሳቁ አልቆየም፤ ትንሿ ነገር ልታበሳጨው ጀምራለች፣ ነገር ዓለሙ እየከበደው ነው፣ ሌሊት ስድስት ጊዜ እየተነሣ ጠዋት እግሩን እየጎተተ ይወጣል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉድጓድ ዋጥክ እንዴ? ማሰሮውን ጨረስከው እኮ» አለች ሚስቱ።

«ሙቀቱ ነው።»

«ዝናብ እየዘነበ?»

«አይ እንግዲህ!» ብሎ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነላት። «ጮኸ? አልጮኸም። ምን ሆነሃል ትይኛለሽ ታዲያ?»

«ካልጮኸ ደህና ነህ ማለት ነው?»

«ነው እንጂ!»

ሴትየዋ አልተዋጠላትም፤ ባዶውን ማሰሮ አንስታ ውሃ ልትሞላ ሄደች። ደህና እንዳልሆነ እሱም ልቡ ያውቀዋል። ከዘጠነኛው ቀን ወዲህ የአውቶቡሱ የፊት መስታወት ላይ አንድ ነገር ተጋርዶበታል፤ ጉም ይሁን ቅባት። ይወለውለዋል፣ አይለቅም። አጣቢዎቹ ላይ ጮኸ፦ «መስታወት በዘይት ነው እንዴ የምታጥቡት!» ልጆቹ ተያዩ፤ መስታወቱ እንደ ውሃ ጠርቷል። እሱ ግን ስድስት ቁጥርን ጨለማ ውስጥም ቢነዳው ያውቀዋል፤ የትኛው ጉድጓድ የት እንዳለ፣ የትኛው ፌርማታ ላይ ስንት ሰው እንደሚቆም። ማንበብ አላስፈለገውም። «ፎርሙ ይፈረም እንጂ ሌላው ይደርሳል» ይል ነበር ለራሱ። ከሁሉ የሚያስፈራው ጎማውና በርጩማው ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን የስምሪት ሃላፊው ገና ሲገባ ያዘው። «ጋሼ፣ የዘጠኝ ቁጥሩ ሹፌር ታሟል። ዛሬን ብቻ ሸፍንልን።» እምቢ ቢል ምክንያት ይጠይቁታል። «ችግር የለም» አለ።

ዘጠኝ ቁጥር ግን የእሱ መንገድ አይደለም። ቀኑን ሙሉ አንገቱን አስግጎ ነዳ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ያ ጉም ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ፊቱ ያለው ሁሉ ፈሰሰበት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ ፖስታ ቤቱን እንዳለፈ ከቀኝ በኩል «ቷ!» የሚል ድምፅ ሰማ፤ የቀኙ ስፖኪዮ ወደ ውስጥ ታጠፈ።

«ጋሼ፣ ምን ነካን?» አለች ትኬት ቆራጯ ከሰው ጭንቅንቅ መሀል።

«ቅርንጫፍ ነው፣ ቅርንጫፍ!» አላት። አምኖበት ነው የተናገረው። ቀጥሎ ያለው ፌርማታ ላይ ወርዶ ስፖኪዮውን አቃናና ሄደ።

ማታ ቤቱ ገብቶ፣ እንደ ልማዱ ቆሞ ሾርባውን እያማሰለ ሳለ ሴት ልጁ ገባች። አንድ ልጃቸው ናት፤ ሕፃናት ታስተምራለች፣ ብቻዋን ተከራይታ ትኖራለች፣ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች አብራቸው ራት ትበላለች። ጉልበቷ ጭቃ ነው። ግራ እጇ በፋሻ ተጠምጥሟል።

«ውይ ልጄን! ምን ሆንሽብኝ?» እናቷ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች።

«ተይኝ እማዬ፣ ከሞት ነው የተረፍኩት። ፖስታ ቤቱ ፌርማታ ላይ ቆሜ አውቶቡስ መጣ። እጄን ዘረጋሁ። አንድ እርምጃ ወደ አስፋልቱ ወርጄ ነበር፣ እሱስ የኔ ጥፋት ነው። ግን ሰውየው ፍሬን እንኳ አልያዘም! ስፖኪዮው እጄን መታኝ፣ ጃንጥላዬ በረረ፣ እኔም በጉልበቴ ተደፋሁ። ትንሽ ቀረብ ብዬ ቢሆን ጭንቅላቴን ነበር እኮ!»

«ሹፌሩን አላየሽውም?»

«በዚያ ዝናብ ምኑ ይታያል! የጎን ቁጥሩንም አልያዝኩም፣ ደንግጬ።» ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ዘጠኝ ቁጥር ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ። ማን እንደነበረ ስምሪት ክፍል ጠይቅልኝ። እከሰዋለሁ! ዕውር ነው እንዴ እሱ ሰውዬ?»

ጋሼ ቁንጫ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ጉልበቱ አልተንቀጠቀጠም፣ ጣቶቹ ጠረጴዛ አልደበደቡም፤ ዝም ብሎ የልጁን ፋሻ ያያል።

ሚስቱ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀረች። «ምነው? አንተ፣ ምን ሆንክ? ተቀመጥክ እኮ!»

«ደክሞኝ ነው» አለ።

«ትጠይቅልኛለህ አይደል?» አለች ልጁ።

«እጠይቃለሁ።»

ሾርባው ቀዘቀዘ። ሊነግራት አፉን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዘጋው። ነገ አሥራ አራተኛው ቀን ነው። ነገ ፎርሙ ይፈረማል። አንድ ቀን! ከዚያ ኢንሱሊኑን ወደ ቦታው እመልሳለሁ፣ ዓይኔም ይመለሳል፣ ማን ያውቃል ብሎ አሰበ። እንዲህ ማሰቡን እኔ አልሸፍንለትም፤ አስቦታል። ካሰበው በኋላ ግን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ጠዋት፣ እዚያው ያደረችው ልጅ እጇ አብጦ ተገኘ። ራጅ መነሣት አለባት፤ የራጁ ክፍል ደግሞ እሱ በሚታከምበት ሐኪም ቤት ነው። አብረው ሄዱ። ወረፋው ረጅም ስለነበር «እስከዚያ ካንተ ጋር ልግባ» አለችው። አትግቢ አይላት ነገር፣ ምን ብሎ?

ሐኪሟ ቆጣሪው የመዘገበውን የአሥራ አራት ቀን ስዕል ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ አየችው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«አንድም ጊዜ አልወረደም» አለች።

«አልኩዎት አይደል፣ ዶክተር!»

«ቆይ ይስሙኝ እንጂ። አልወረደም፣ ምክንያቱም ሰቅለውታል። ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ሦስት መቶ፣ ሦስት መቶ ሃያ… ጤነኛው ቦታ ላይ በአሥራ አራት ቀን አንድ ሙሉ ቀን አልዋሉም። ምን እያደረጉ ነበር?»

ተናገረ። ጭማቂውን፣ ብስኩቱን፣ የተቀነሰውን ኢንሱሊን፣ ያጠፋውን ጩኸት። ልጁ አፏን በደህናው እጇ ያዘች። ሐኪሟ ተቆጣች፤ እንዲያው ስትቆጣ ጠረጴዛ አትመታም፣ ድምፅዋን ዝቅ ነው የምታደርገው። «ይኼ ኩላሊት ያበላሻል፣ እግር ያበላሻል፣ ዓይን ያበላሻል። አሁኑኑ እናስተካክለዋለን።» ከዚያ ፎርሙን ሳበች። «ፎርሙ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሥራ ሰዓት ከሰባ በታች ወርዷል? አልወረደም።» ምልክት አደረገች። «የማየት ችግርስ አለብዎት? የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ገና ለሚቀጥለው ወር ነው፤ ለአሁኑ የእርስዎን ቃል ነው የምጽፈው።»

አንድ ቃል። «የለም» ካለ መሪው የእሱ ነው። የሐኪሟን ተግሣጽ ተቀብሎ፣ መድኃኒቱን አስተካክሎ፣ ከሰዓት በኋላ ስድስት ቁጥር ላይ ይወጣል። ጎማ የለ፣ በርጩማ የለ።

ገና ሳይመልስ ልጁ ልትረዳው ጣልቃ ገባች። «ዶክተር፣ አባቴ በሌላው እንደ ሕፃን ነው፤ በመንዳቱ ግን እኔ እመሰክርለታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሲነዳ አንድ ሰው ነክቶ አያውቅም።»

«ነክቻለሁ» አለ።

ሁለቱም አዩት።

«ትናንት ዘጠኝ ቁጥርን የነዳሁት እኔ ነኝ። ሰው ታሞ ሸፍን ብለውኝ ነው።» ልጁን ማየት አቅቶት ለሐኪሟ ነው የሚነግራት። «አላየኋትም፣ ዶክተር። ቅርንጫፍ መሰለችኝ።»

ልጅቷ ፋሻዋን አየች፣ እሱን አየች። «አንተ?» አለች በቀጭን ድምፅ። «ማታ ስነግርህስ? ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አውቄያለሁ።»

«አውቀህ ነው ራትህን የበላኸው?»

«አልበላሁም» አለ፣ ያጠፋ ተማሪ እንደሚመልሰው።

ተነሥታ ወጣች። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋችውም፤ ብትዘጋው ይሻለው ነበር። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አንስታ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «አለ» ብላ ጻፈች። ብዥታው ስኳሩ ቀስ እያለ ሲወርድ ሊገፈፍ እንደሚችል፣ ዓይኑ ተመርምሮ እስኪረጋገጥ ግን ብስክሌትም ቢሆን እንዳይነዳ ነገረችው። ከዛሬ ጀምሮ ስንት እንደሚወጋ፣ መቼ እንደሚበላ፣ ሁለቱም ጩኸት እንደሚከፈት አስረዳችው። ነርሱ አዲስ ቆጣሪ ለጠፈለት። «መቼ ነው የምመለሰው?» አለ ጋሼ ቁንጫ። «ለቀጠሮ?» አለችው። «ለመሪው።» ሐኪሟ እንደማታውቅ ነገረችው፤ ምናልባት ሁለት ወር፣ ምናልባት ከዚያም በላይ። እንባው መጣ። ጣሪያ ጣሪያ እያየ መለሰው።

የልጅቷ አጥንት አልተሰበረም፤ ወለምታ ነው። ውጭ ዝናቡ አባርቷል። ፌርማታው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ፤ በመሀላቸው ሌላ ሁለት ሰው ሊቆም ይችል ነበር። አላናገረችውም። እሱም ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ላይ እየመጣ እያነሰበት ከእግር እግር ይለዋወጣል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ተሳፋሪ ሆኖ አውቶቡስ ጠብቆ አያውቅም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው እንኳ ጠፋው።

አንድ አውቶቡስ ከማዞሪያው ወጣ። የሞተሩን ድምፅ ለየው፤ ከአዲሶቹ ነው፣ ሁለተኛ ማርሹ ይጎረብጣል። ግንባሩ ላይ ያለውን ቁጥር ሊያይ አንገቱን አሰገገ፣ ዓይኑን አጠበበ፣ ከፌርማታው ወደ አስፋልቱ ወረደ። አውቶቡሱ አጠገባቸው ደረሰ። ነጭ ነገር ተለድፏል እንጂ ቁጥር የለም።

«የኔ እናት» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ስንት ቁጥር ነው?»

ቀና ብላ አየችው። ቁጥሩ የትሪ ያህል ነው፤ አሥር እርምጃ አይርቅም። በዚህ ዓይኑ ነው ለካ ትናንት ዝናብ ውስጥ ሲነዳ የዋለው። ተቆጥታው ነበር፣ አሁንም አልበረደላትም።

«አራት ነው፣ አባዬ» አለች። «የእኛ አይደለም።» በደህናው እጇ ክንዱን ይዛ ከአስፋልቱ ላይ ሳበችው።